አጭሩ መልስ የት ገባ?

«ሄደልኝ!» አለ ፎካሪው ከኮምፒውተሩ ፊት ብድግ ብሎ።

«ሄደ እንጂ መች ደረሰ!» ሽቦ ከጎረቤት ክፍል ብቅ አለች። «ድርሰትህ ደርሷል። የምርጫ መልስህ ግን የውሃ ሽታ ሆኗል።»

ሽቦ ያሏት የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክለብ ልጆች ናቸው፤ ቀጭን ስለሆነች፣ ደግሞም እጇ ከኬብል ስለማይለይ። እሷና ፎካሪው ከመጋዘን ባወጧቸው አሮጌ ዕቃዎች የሁለቱን ክፍል ኮምፒውተሮች በአንድ የጋራ መስመር አገናኝተዋል። ነገ የሙከራ ፈተና የሚሰጠው በዚሁ መስመር ነው። መልስ ከጠፋ ክለቡ እንደሚዘጋ መምህራቸው ቁርጡን ነግረዋቸዋል።

«ረጅሙ አልፎ አጭሩ ይቀራል?» ፎካሪው ጭንቅላቱን አከከ። «ዝሆን ባለፈበት በር ቁንጫ ተሰነቀረች በይኛ!»

ሽቦ ቤት ስትገባ እናቷ ሩቅ አገር ካለው አጎቷ ጋር በስልክ እያወራች ነበር። ድምፅ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ሲጀምሩ፣ የእናቷ ወሬ ረጅም ከሆነ የወንድሟ ድምፅ መሀል ላይ ይደርስባታል፤ «ውይ፣ አንተ ቀጥል» ትላለች። በመጨረሻ ግን «በል ደህና ሁን!» ብላ ጠረቀመችው።

«እማዬ፣ እያወራ ቢሆንስ?»

«ኧረ ምንም አልሰማሁ!»

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። «እያወራሁ ጆሮዬ ላይ ትዘጊብኛለሽ?» አለ አጎቷ።

ሽቦ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ደርቃ ቀረች። እናቷ አጭር ቃሏን ተናግራ ስትዘጋ የእሱ ድምፅ ገና መንገድ ላይ ነበር! ኮምፒውተሮቹም እንዲሁ ናቸው። ሁለቱ እኩል ከላኩ መልእክታቸው ይጋጫል፤ እየላከ ሳለ ግጭቱን የሰማ ቆም ብሎ ይደግማል። መስመሩ ከረዘመ ግን ባለአጭሩ ግጭቱ ሳይሰማው ይጨርስና «ደርሷል» ብሎ ይተኛል።

በማግስቱ ጠዋት መሰላል ላይ ወጣች። ኮርኒሱ ውስጥ፣ ፎካሪው «ኬብል ሲቆረጥ አንጀቴ ይቆረጣል» እያለ ሳይቆርጥ የተወው፣ መስመሩን ያስረዘመው ጥቅልል ተኝቷል።

«የቀረን አንድ መሰኪያ ነው!» ሲል ከታች ጮኸ። «ካበላሸሽው ድርሰቱም አይሄድ!»

«እሱንስ አጥቼው ነው?»

ቆረጠችው። ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች በየቀለማቸው ደረደረች። አንዱ ቦታውን ሳተ፤ ፈታችና እንደገና ደረደረች። መሰኪያውን ገጥማ ጨመቀችው።

«ሁላችሁም አንድ ላይ ላኩ!»

መልሶቹ ስክሪኑ ላይ ተግተለተሉ። አንድም የጎደለ የለም። ፎካሪው ወንበር ላይ ወጥቶ «ቁንጫዋ አለፈች!» እያለ አቅራራ። ፈተናውም ከመጀመሪያው ተማሪ እስከ መጨረሻው ኮሽ ሳይል አለቀ። መምህራቸው የሽቦን እጅ ጨበጡ፤ ደግመው ጨበጡ።

ዳይሬክተሩ የተማሪዎቹን ጭብጨባ ሰምተው መጡ። «ድንቅ ነው! ይህንኑ መስመር ግቢውን አቋርጣችሁ እስከ ቢሮዬ ሳቡልኝ!»

«ምን ችግር አለው!» አለ ፎካሪው ደረቱን ነፍቶ።

ሁሉም ወደ ሽቦ ዞሩ። ዳይሬክተሩን እምቢ ያለ ተማሪ አይታ አታውቅም።

«አይሆንም፣ ቲቸር» አለች ቀስ ብላ። «ይረዝማል።»