ሁዳ የፈጠረችው ክፍል ሁለት

«ዛሬ በእረፍት ሰዓት የማነበው እኔ ነኝ!» ዓለምዬ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። «ደርቤ አሥር ደቂቃ ሰጠኝ። በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ! ግቢው በሙሉ ይሰማኛል።»

ሁዳ ደብተሩን አየችው። «ምኑን ነው የምታነቢው?»

«ምኑን ትላለች እንዴ! ክፍል ሁለትን ነዋ። የነገርሽኝን አንድ ሳላስቀር ጽፌዋለሁ።»

እነ ዓለምዬ ቤት ስማርት ስልክ የለም። አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ ያለቻቸው ለመደወል ብቻ የምትሆን ትንሽ ስልክ ናት። ስለዚህ ሁዳ በወንድሟ በሙባረክ ስልክ ሌላ ሰው ጌም ሲጫወት የሚያሳይ ቪዲዮ እያየች፣ ያየችውን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ለዓለምዬ ትተርክላታለች። ጌሙ ሚራ የምትባል ልጅ የጠፋ ታናሽ ወንድሟን ዴንን ፍለጋ ተራራ ለተራራ የምትንከራተትበት ነው። ክፍል አንድ ያለቀው የዴን ድምፅ ከገደሉ ማዶ ሲሰማ ነበር። ሁለቱም ቀጣዩን አንድ ዓመት ጠበቁ።

ክፍል ሁለት ወጣ። ገና በአሥረኛው ደቂቃ ሚራ ወንድሟን አገኘችው፤ ሞቶ።

«አንድ ዓመት ያስጠበቃችሁን ለዚህ ነው?» ብላ ሁዳ ስልኩን ዘጋችው። ዳግም አልከፈተችውም። በማግስቱ ግን ዓለምዬ ገና ከሩቅ «አገኘችው?» ስትል ጮኸች። ዓይኖቿ ያሳዝኑ ነበር።

«አገኘችው። በሕይወት አለ።»

«እስቲ ማይ!»

«ወላሂ!»

አንዴ ካፏ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሌለ ድልድይ፣ የሌለ ዓይነ ስውር ሽማግሌ፣ የሌለ ወንዝ ስትፈጥር ከረመች። ክፋቱ ደግሞ ደስ ይላት ነበር።

«ባይሆን ነገ ብታነቢውስ?» አለች አሁን።

«ምን ነካሽ? የክፍላችን ፈሀድ ራሱ ትናንት ‹እኔ ጨርሼዋለሁ፣ ዴን ሞቷል› ብሎ ሙድ ሊይዝብኝ ነበር። ‹ሁዳ ወላሂ ብላለች› አልኩት። ጸጥ!»

ፈሀድ ሜዳው መሃል ቆሞ ሲስቅ ለሁዳ ታያት። ግቢው ተከትሎት ሲስቅ፣ «ውሸታሟ» የሚል ስም ዓለምዬ ላይ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተለጥፎ ሲቀር፣ ወሬው መሪጌታ ጆሮ ሲደርስ፣ ዓለምዬም ትምህርቷን ትታ ቤት ስትቀር።

የእረፍት ደወል ተደወለ። የሚኒ ሚዲያው ክፍል በር ላይ ሁዳ የዓለምዬን ክንድ ያዘች።

«ዴን ሞቷል።»

«ምን?»

«ፈሀድ እውነቱን ነው። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ።»

ዓለምዬ ፈገግ ልትል ሞከረች። «ፎገራ ነው አይደል?» የሁዳን ፊት ስታይ ፈገግታው ጠፋ። «ከየት ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

«ሽማግሌውስ? ሚራን ወንዙን ያሻገራት?»

«እሱም የእኔ ነው።»

«ለሽማግሌው እኮ አልቅሻለሁ» አለች ዓለምዬ። «ዴን ቢሞትም እውነቱን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ደግሞ ወላሂ ብለሽ!» ደብተሩን በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ወርውራ ሄደች። ሁዳ ጠራቻት፤ ዞር እንኳ አላለችም።

የሚኒ ሚዲያው ኃላፊ ደርቤ አንገቱን አወጣ። «የት ሄደች? ማይኩ እኮ ተከፍቷል! ማንም ከሌለ ሙዚቃ እለቅበታለሁ።»

ሙዚቃ ቢለቀቅ ማንም ምንም አያውቅም። ሁዳ ይህን አሰበች። ትንሽም ቆየችበት።

«እኔ አለሁ» አለች።

ደብተሩን አንስታ ማይኩ ፊት ተቀመጠች። የዓለምዬ ጽሑፍ የተስተካከለ ነው፤ «አለች ሁዳ» የሚል በየገጹ አለበት። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሁዳ እባላለሁ፤ ዘጠነኛ ‹ሐ›። አሁን የምትሰሙት ታሪክ የሚራ ጌም ውስጥ የለም። እኔ ፈጥሬው፣ እውነት ነው ብዬ ምዬ ጓደኛዬን አታለልኳት።»

ውጭ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ሁዳ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀችና የመጀመሪያውን መስመር ማንበብ ጀመረች።