በንጹሕ ካልሲ ውስጥ ያለ አሸዋ

ቤርሳቤ አልዌሮ ግድብ ዳር በደረቷ ተደፍታ ስትገኝ፣ ጭንቅላቷ ከኋላ በኩል ድንጋይ ላይ እንደ ወደቀ ቅል ተከፍቶ ነበር። ከእሷ አስር እርምጃ ፈንጠር ብሎ፣ ኩዋኒ የሚባለው ዓሣ አጥማጅ በራሱ መረብ ገመድ ዛፍ ላይ ታስሯል። የአቦቦ ጎረምሶች ግራ ክንዱን ሰብረውታል፤ ሁለት ጥርሱንም አራግፈውለታል። አንደኛው ጀሪካን ይዞ ሲመጣ ነው የኢንስፔክተር ኛሩአች ሞተር ብስክሌት የደረሰው።

ኛሩአች ረጅም ናት፤ ሃምሳ ዓመቷን አልፋለች፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ዱላ ትይዛለች። ከኋላዋ ያለው ፖሊስ አንድ ብቻ ነው፤ ሙዎች ይባላል። ጎረምሶቹ ደግሞ ሠላሳ ይሆናሉ፤ ገጀራ የያዘው ይዟል፣ ያልያዘው ድንጋይ አንስቷል።

«ያ ጀሪካን ምንድን ነው?»

«ለሞተሬ ነው።»

«ሞተርህ የታለ?»

ልጁ ጀሪካኑን ከጀርባው ደበቀ።

«ሙዎች፣ ተቀበለው።»

«ኢንስፔክተር፣ እሱ ነው የገደላት! ስንይዘው እጁ ሁሉ ደም ነበር!» አለ ገጀራ የያዘው።

ኛሩአች በዱላዋ የልጁን ጫማ ነካች። «ያንተም ጫማ ላይ ደም አለ። የማን ነው? የእሱ አይደለም? እንግዲህ አንተንም ልሰርህ?» ቀና ብላ ሁሉንም አየቻቸው። «ፀሐይ አናታችን ላይ እስክትቆም ስጡኝ። እስከዚያ ገዳዩን ካላሳየኋችሁ የምታደርጉትን አድርጉ። አሁን የነካው ሰው ግን ጉልበቱን ነው የምመታው። እኔ ጉልበት ሲያም አውቃለሁ።»

ፀሐይ አናት ላይ ለመቆም ሁለት ሰዓት ነው የቀራት። ከጋምቤላ ይመጣል የተባለው የፖሊስ መኪና ደግሞ ከማታ በፊት እንደማይደርስ ኛሩአች ታውቃለች። ገዳዩን እስከዚያ ካላወቀች ኩዋኒ ዓይኗ እያየ ይቃጠላል።

ሬሳው አጠገብ የቤርሳቤ እናት ማሚቱ ተቀምጣለች። በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ የመጣች፣ ባሏን እዚሁ ቀብራ አንድ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። ነጠላዋን ልጇ ላይ ጥላለች።

«እማማ፣ ልየው?»

«እይው። ከዚህ በላይ ምን ታደርጊያታለሽ።»

ኛሩአች ጉልበቷ እየጮኸ ተንበረከከች። ሦስት ምት ነው። ሁለቱ አጥንቱን ሰባብረውታል፤ ያልጠነከረው አንደኛው ግን ቆዳው ላይ ክብ ቀለበት አትሞ ቀርቷል። ፊቷ አልተነካም፤ ከንፈሯ ግን ደም በደም ነው፤ ጥርሶቿ መሀል ደግሞ የሰው ቆዳ ቁራጭ ተሰክቷል። ከላይ ከአንገት እስከ ጭን የሚደርስ ጥቁር ጥብቅ ልብስ ለብሳለች፤ ገና እርጥብ ነው። በላዩ ላይ ግራጫ የቱታ ሱሪ አለ። ሱሪው በውጭ በኩል አንድ ጠብታ ደም አልነካውም፤ ኛሩአች ወገቡን ገለጥ ስታደርግ ግን ውስጡ በጀርባዋ በወረደ ደም ርሷል። አንደኛውን ጫማ አወለቀች። ካልሲው ነጭ፣ ንጹሕ ነው። ካልሲውን ዝቅ ስታደርገው የእግሯ ጣቶች መሀል እርጥብ አሸዋ ታጭቋል። ምንም ሳትል ካልሲውንም ጫማውንም መለሰች።

ብስክሌቷ ዛፍ ተደግፋ ቆማለች፤ የራስ መከላከያው ቆብ እጀታው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ልጅሽ እዚህ ምን ትሠራ ነበር?»

«ትዋኝ ነዋ!» አለች ማሚቱ። «ትየርኪዲ የስደተኞቹ ጣቢያ ነርስ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ዘንድ ትመጣለች፤ ለእኔ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለካ ለዚህ ውኃ ኖሯል። ትራያትሎን ነው የምትለው። መዋኘት፣ ብስክሌት፣ ሩጫ፣ ሦስቱንም ሳያርፉ። ከስድስት ወር በፊት እንደ ወፍጮ ድንጋይ ነበር የምትሰምጠው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐዋሳ የመጀመሪያዋን ልትወዳደር ነበር።» አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ያን ልብስ አንድ ጊዜ ምድጃ ውስጥ ልጨምረው ነበር፤ ከእጄ ነጠቀችኝ።»

ኛሩአች ወደ ዛፉ ሄዳ ኩዋኒን ውኃ አጠጣችው። ሙዎች ገመዱን ሊፈታ ሲል ጎረምሶቹ አጉረመረሙ፤ እሷ ዱላዋን ቀና አድርጋ መለሰቻቸው፤ ሙዎችንም «እስከ ቀጠሯችን ገመዱን ተወው» አለችው።

«እንዴት ነበር?»

«እኔ ነኝ መዋኘት ያስተማርኳት» አለ ኩዋኒ ደም እየተፋ። «ሁልጊዜ መጀመሪያ ውኃ ነው። እሷ ትዋኛለች፣ እኔ ታንኳ ላይ ሆኜ አዞ እጠብቃለሁ። ዛሬም ጨርሳ ወጣች፤ ‹በርታ› አለችኝ፣ እኔ ወደ መረቤ ሄድኩ። ሩቅ ነው። አንድ ጊዜ ጮኸች። ቀዝፌ ቀዝፌ ስደርስ ወድቃለች። ራሷን አቀፍኩ። ከዚያ እነዚህ መጡ።»

«ስትደርስ ሱሪ ለብሳ ነበር?»

«ለብሳ ነበር። እሱ ገረመኝ።»

«ለምን?»

«ለብሳ አታውቅም።»

ቀጥሎ ሀሩንን ጠራችው። አቦቦ ከተማ ብስክሌት ይጠግናል፣ የቤርሳቤንም የሚጠግነው እሱ ነበር፤ ምላሱ ከመዶሻው ይብሳል።

«የጫማዋን ማሰሪያ አንተ ነህ እንዲህ ያደረግከው?»

«እኔ ነኝ። ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ቆርጬ። ማሰር መፍታት የለም፤ በአንድ ጉተታ እግሯ ይገባል፣ ብስክሌቷ ላይ ወጣ! ካልሲ እንኳ ጊዜ ይበላል ብላ ትታው ነበር። እግርሽ ይላጣል ብላት ‹ይላጥ፣ ያንተ እግር ነው?› አለችኝ።» የማሰሪያውን ጎማ በጣቱ ጎትቶ ለቀቀው። «እንዲህ ያለች ደረቅ ነበረች።»

«ቁስሏን እየው። በምን የተመታች ይመስልሃል?»

ሀሩን ጎንበስ ብሎ አየ፤ ፊቱን አዞረ፤ እንደገና አየ። «በኩዋኒ መቅዘፊያ አይደለም። እንጨት እንዲህ ክብ አያትምም። ጫፉ ቀዳዳ ያለው ብረት ነው። የመኪና ጎማ መፍቻ።»

«አንተስ መፍቻ የለህም?»

«የእኔ መፍቻዎች የብስክሌት ናቸው ኢንስፔክተር፤ ትልቁ ከአውራ ጣትዎ አይበልጥም። ይሄ ሎሚ ያስገባል። ካላመኑኝ ሳጥኔን አስመጥተው በራሴ ላይ ይሞክሩት።»

«ራስህን ተወው፤ ደርቋል» አለችው። ሳጥኑን ግን አስመጥታ አየች። እንዳለው ነው።

የቀረው እጮኛዋ ነው። ዘርአብሩክ ይባላል፤ ጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር የሚኖር የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። ማሚቱ ደውላለት ነው በደብል ጋቢናው የመጣው። ጎረምሶቹን «ምን ትጠብቃላችሁ?» እያለ ከሁሉም በላይ የሚጮኸውም እሱ ነው። ዶሮ ጥላ በምትፈልግበት በዚያ ሙቀት ወፍራም ጃኬት እስከ እጁ አንጓ ቆልፎ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

«አይሞቅህም?»

«ወባ ይዞኛል። ብርድ ብርድ ይለኛል።»

ኛሩአች መዳፏን ግንባሩ ላይ አደረገች። ላብ አለ፤ ትኩሳት የለም። «እግዜር ይማርህ» አለችው። «ምን የሆነች ይመስልሃል?»

«ምን ይመስለኛል! ሮጣ ሮጣ፣ ብስክሌቷን ነድታ፣ ደክሟት ልትታጠብ ውኃው ዳር ስትደርስ ይሄ አውሬ ከኋላ መታት። ሌላ ምን አለ?»

«ስትለማመድ አይተሃት ታውቃለህ?»

«አንድም ቀን። እዚህ ቦታ እግሬ ረግጦ አያውቅም። አልወደውም ነበር።»

«ለምን?»

ዘርአብሩክ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ እርስዎም ሴት ነዎት። ከፋሲካ በኋላ ሰርጋችን ነበር። በዚያ ልብስ የተነሳችውን ፎቶ የቢሮ ሰዎች በስልክ ሲቀባበሉት ነበር። ስገባ ዝም ይላሉ፤ ስወጣ ይስቃሉ። ይሄ ለወንድ ልጅ ቀላል ነው?»

«አይደለም» አለች ኛሩአች። ሙዎችን ወደ ጎን ጠርታ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው፤ እሱም ወደ ደብል ጋቢናው ሄደ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ኛሩአች ሁሉንም ሬሳው ዙሪያ ሰበሰበች፤ ማሚቱን፣ ሀሩንን፣ ዘርአብሩክን፣ የታሰረውን ኩዋኒን፣ ገጀራ የያዙትንም።

«ስሙኝ። ልብሷ እርጥብ ነው። ስለዚህ ዋኝታለች። እግሯ ላይ እርጥብ አሸዋ አለ። ስለዚህ ከውኃ በባዶ እግሯ ወጥታለች። ጫማዋን ሳታጠልቅ ነው የተመታችው። አሸዋው ላይ ግን ምን አለ? ንጹሕ ካልሲ። ሀሩን፣ ካልሲ ታደርግ ነበር?»

«አታደርግም አልኩዎት።»

«ይህ ሱሪ ከውጭ ደም የለውም፤ ከውስጥ በደም ርሷል። ደሟ ከፈሰሰ በኋላ ነው የለበሰችው። የሞተ ሰው ሱሪ አይለብስም፤ ያለበሳት ሰው አለ። ያ ሰው ጭንቅላቷን ሲፈልጥ አላፈረም፤ ጭኗ ተገልጦ ሲያይ አፈረ። ሱሪው አልበቃው ብሎ እንደ ጨዋ ሴት ካልሲና ጫማ አደረገላት።»

ገጀራ የያዘው ገጀራውን ዝቅ አደረገ።

«ኩዋኒ ስድስት ወር ሙሉ በዚያ ልብስ አይቷታል፤ ዛሬ ምን ያሳፍረዋል? ሀሩን ካልሲ እንደማታደርግ ያውቃል፤ እሱ ቢሆን አያደርግላትም። የገደላት የእነሱን ያህል የማያውቃት ነው። ውኃው መጀመሪያ፣ ሩጫው መጨረሻ መሆኑን እንኳ አያውቅም፤ ውኃ ለመታጠብ ብቻ ይመስለዋል። ሮጣ ጨርሳ፣ ለብሳ፣ ልትታጠብ ስትል የተገደለች አስመስሎ ተዋት። ይህን ታሪክ ዛሬ አንድ ሰው በራሱ አፍ ነግሮኛል።»

ዘርአብሩክ «የማይረባ ወሬ ነው!» አለ።

«እማማ፣ ይህን ሱሪ መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

ማሚቱ ሱሪውን በእጇ ዳሰሰችው። «ባለፈው እሁድ» አለች ቀስ ብላ። «ይዛው ወጥታ ሳትይዘው ተመለሰች። ‹ከካልሲዬ ጋር ዘርአብሩክ መኪና ውስጥ ረሳሁት› አለችኝ።»

«ሙዎች፣ መኪናው ውስጥ ምን አገኘህ?»

«ትርፍ ጎማ አለ፣ ክሪክ አለ። መፍቻው የለም።»

«ውኃው ውስጥ ነው፤ እናወጣዋለን» አለች ኛሩአች። «አሁን እጅጌህን ሰብስብ። ገዳይዋን አፏን ሞልታ ነክሳ ነው የሞተችው።»

ዘርአብሩክ አልሰበሰበም። አጠገቡ ካለው ጎረምሳ ገጀራውን ነጥቆ ወደ ኛሩአች ተወረወረ። ኛሩአች ወደ ኋላ አላለችም፤ ዱላዋን በሁለት እጇ ይዛ ጉልበቱ ላይ አሳረፈችው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰማ። ሲወድቅ ገጀራው የገዛ መዳፉን ሰነጠቀው። ሀሩን ደረቱ ላይ ተቀመጠና የጃኬቱን እጅጌ እስከ ክርኑ ቀደደው። ክንዱ ላይ የጥርስ ክብ አለ፤ መሀሉ ላይ ቆዳው የለም።

«ተይ አልኳት!» ብሎ ጮኸ ዘርአብሩክ። «በዓሣ አጥማጅ ፊት እንዲያ ሆነሽ አትውጪ አልኳት! ‹ካፈርክ ሰርጉ ይቅር› ብላ ቀለበቴን አሸዋ ላይ ጣለችው!»

ማሚቱ አላለቀሰችም። «ከልክላት ያልኩህ እኔ ነኝ» አለችው። «በሽማግሌ ነበር ያልኩህ። በብረት አላልኩህም።»

ጎረምሶቹ አሁን ወደ ዘርአብሩክ ዞሩ። ያ ጀሪካን ይዞ የነበረው እንደገና ወደ ፊት መጣ።

ኛሩአች ሽጉጧን አውጥታ ሰማይ ላይ አንድ ጥይት ተኮሰች። «ዛሬ ጠዋት እርግጠኛ ነበራችሁ አይደል? ያ እርግጠኝነታችሁ የሰበረው ክንድ ያውላችሁ፣ ዛፉ ላይ። ፍቱትና ተሸክማችሁ ጤና ጣቢያ አድርሱት። በእጃችሁ!»

አራት ሆነው ተሸከሙት። ኩዋኒ ሲያልፍ ሬሳዋን አየና በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረ፤ ኛሩአች ገባት፤ ለማንም ግን አልተረጎመችም።

ማሚቱ ሱሪውን ከልጇ ላይ ገፈፈችና ዘርአብሩክ ፊት ላይ ወረወረችው። ቀጥላ ጫማዎቹን አወለቀች፤ ካልሲዎቹን ጎትታ አወጣች። ሀሩን ከግድቡ ውኃ ቀድቶ መጣ።

«አሸዋውን ልጠብላት እማማ?»

«ተወው። የለፋችበት ነው።»

ከዚያ ጫማውን አንስታ፣ ያለ ካልሲ፣ በአሸዋው ላይ አጠለቀችላት። ሀሩን እንዳለው በአንድ ጉተታ ገባ።