ገጽ አርባ አንድ

የጥገና ሠራተኛው ስለሺ ኤሌክትሪክ ገድሎት ከባትሪው ካቢኔት ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። መፍቻው ከእጁ አልወጣም። አጠገቡ የወደቀው ስልክ ገጽ አርባ አንድን እንደከፈተ ነው፦ «ቀዩን ማጥፊያ አጥፋ፤ ከዚያ ክዳኑን ፍታ።» ቀዩ ጠፍቷል።

የካርቱም ፖሊስ የሐበሻ ነገር ሲወሳሰብበት ከዴም ሰፈር የሚያስጠራው ኢስሐቅ፣ ከማድመጥ በቀር የተማረው ሙያ የለም። አማተበና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

መኮንኑ ሳሊህ ቸኩሏል። «ገጹን የጻፈችው ልጅቱ ናት። ካላስ፣ አለቀ! ትታሰር።»

ልጅቱ እፀገነት ናት። በዚህ የአል-ሳሃፋ ኩባንያ የኮምፒውተር ክፍል፣ በየሰው ጭንቅላት የተበተነውን ሙያ እየጠየቀች የጋራ መዝገብ ታዘጋጃለች፤ አንዱ ቢቀር ሌላው አንብቦ እንዲሠራ። በየገጹ ግርጌ «ያስተማረን» የሚል ቦታ አለ።

«ይህን ማን አስተማረሽ?» አላት ኢስሐቅ።

«ጋሽ ገብረየስ። ስድስት ዓመት ካቢኔቱን የነኩት እሳቸው ብቻ ናቸው። አንብበው ልክ ነው ብለውኛል።»

ገብረየስ ማዮ ሰፈር ለቅሶ ውሎ መመለሱ ነበር።

«ክዳኑን እንዴት ነው የሚፈቱት?»

«ቀዩን አጥፍቼ ነዋ! ሌላ ማጥፊያ የለውም። ልጅቱ ሌላ ነገር አበላሽታ እንደሆነ እኔ ምን አውቃለሁ?»

የወሎዋ የጽዳት ሠራተኛ ኒዕማ ግን ሳቋ መጣ። «ወላሂ ከካቢኔቱ ጀርባ መጥረጊያ አስገብቼ አላውቅም። ‹ድርሽ እንዳትዪ!› ይሉኛል ጋሼ ገብረየስ። እኔማ ወርቅ የቀበሩ መስሎኝ!»

ኢስሐቅ አቧራው ላይ በደረቱ ተኝቶ ከጀርባ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበ።

«ያላ፣ እንግዲህ ጋሽ ገብረየስ፣ ቀዩ ጠፍቷል። እንደ ገጹ ክዳኑን ይፍቱልን።»

ገብረየስ መፍቻውን ተቀበለ። እጁ ክዳኑ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«አልችልም።»

«አይችሉም» አለ ኢስሐቅ ቀስ ብሎ። «ሌላ ማጥፊያ አለ ወይ ብዬ ሳልጠይቅ የለም አሉኝ። ኒዕማን ከጀርባው አባረሯት። እዚያ ጥቁር ማጥፊያ አለ፤ ‹ባትሪ› ተብሎ ተጽፎበታል። ቀዩ ከመንገድ የሚመጣውን መብራት ብቻ ነው የሚያጠፋው፤ የባትሪዎቹን ኃይል የሚቆርጠው ጥቁሩ ነው። ቀለሙ በጣት ንክኪ ብዛት ተልጧል። ካቢኔቱን ከእርስዎ ሌላ የነካው ከሌለ፣ የማን ጣት ነው?»

«አይፍሩ፤ ጥቁሩን አስቀድሜ አጥፍቼዋለሁ። ሌላ ነፍስ አላስጠፋም።»

ገብረየስ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «አርባ ገጽ ሰጠኋት። አርባው ሲሞላ ሙዲሩ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ሰላም ማለቱን ተወ። ተጠርጌ መውጣቴ ነው ብዬ አንዲቷን፣ የጥቁሩን ማጥፊያ ነገር፣ ለራሴ አስቀረሁ። ሲቸግራቸው ይደውሉልኛል ብዬ... ስለሺ ለምን አልደወለልኝም?»

የመለሰችለት እፀገነት ናት። «ልደውልላቸው ስል ከለከለኝ። ‹ሰውዬው ለቅሶ ላይ ናቸው፣ ለምን እናስቸግራቸዋለን? ተጽፎልን የለ!› አለኝ።»

ሳሊህ ገብረየስን ይዞ ወጣ። እፀገነት ገጽ አርባ አንድን ከፍታ «መጀመሪያ ከጀርባ ያለውን ጥቁር ማጥፊያ አጥፋ» ብላ ጨመረች። «ያስተማረን» ከሚለው ፊት የገብረየስን ስም ሰረዘች። በቦታው «ስለሺ» ብላ ጻፈች።