ከዘፈኑ የወጡ ከንፈሮች

ሎርና ክላይድን ካኮረፈችው ሳምንት አልፏል። ለጦርነቱ በፈቃዱ ሲመዘገብ አልነገራትም፤ ወሬውን የሰማችው ከሜካፕ ሠራተኛዋ ነበር። ሰው የሚወደውን እንዲህ ይንቃል? ዛሬ ደግሞ አብረው የሚሠሩበትን ፊልም የመጨረሻ ጭፈራ፣ ሁለት ደስተኛ ተማሪዎች መስለው፣ ተቃቅፈው መጨፈር አለባቸው። ስቱዲዮው በር ላይ ክላይድንና ሌሎቹን ምልምሎች የሚወስደው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል።

ዳይሬክተሩ ሚስተር ፕራት ኮስተር ብሎ አስጠነቀቃቸው። በጦርነቱ ምክንያት የፊልም ጥቅል በራሽን ተመጥኖ ስለሚሰጥ ጭፈራው የሚቀረጸው አንዴ ብቻ ነው። ዘፈኑ አስቀድሞ ተቀድቷል፤ የእነሱ ሥራ ከድምፅ ማጉያው ጋር እኩል ከንፈር ማንቀሳቀስ ነው። ከንፈሯ ከዘፈኑ የወጣ ልጅ ሌላ ፊልም በሕልሟም አታይም አለ። ይህን ሲል የሚያየው ሎርናን ነበር።

ሙዚቃው አዳራሹን ሞላው። ክላይድ ወገቧን ይዞ አሽከረከራት። ዓይኑን ላለማየት ከረባቱ ላይ አፈጠጠች። ጀርባዋ ወደ ካሜራው ሲዞር ጎንበስ አለላት።

«አሁንም አኩርፈሻል?»

«ሥራህን ሥራ።»

«ብነግርሽ አትሂድ ትይኝ ነበር። አንቺ አትሂድ ካልሽኝ ደግሞ እግሬ አይነሳም።»

ፊቷ ወደ ካሜራው ዞረ። ጥርሷን ገልጣ ግጥሙን በከንፈሯ ተከተለች። ተመልሳ ስትዞር አፉን ወደ ጆሮዋ አስጠጋ።

«ስመለስ ታገቢኛለሽ?»

መልሱ አፏ ላይ ነበር፤ ኩርፊያዋ ያዘው። በዚህ መሀል ወንዶቹ በጭፈራው ሥርዓት መሠረት እንደ ወታደር ተሰልፈው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው መውጣት ጀመሩ። ካሜራው ሎርና ፊት ላይ ቀረ። የክላይድ ጀርባ ሲርቅ ስታይ መልሷን ሳይሰማ እንዳይሄድ ፈራች። ዘፈኑንም ሚስተር ፕራትንም ረሳች።

«አዎ፣ ክላይድ፣ አገባሃለሁ» አለች፣ ባላት ድምፅ ሁሉ።

ሚስተር ፕራት እስኪበቃው ጮኸባት። ስትወጣ አውቶቡሱ ሄዷል።

ቢሆንም ሰምቶኛል ብላ ተጽናናች። ደብዳቤው ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። ቃሉን አጥፏል ብላ እሷም ሳትጽፍ ቀረች። ስቱዲዮው አሰናበታትና አውሮፕላን ፋብሪካ ገባች። ሌላ ጥቅል ስላልነበረ ያው ቀረጻ ፊልሙ ውስጥ ገባ፤ ፊልሙ ለሕዝብ ሲቀርብ፣ ጓደኞቿ ሲኒማ ቤት ሊወስዷት ቢለምኗት እምቢ አለች። ያንን ጀርባ ደግማ ማየት አልፈለገችም።

በዓመቱ፣ ከሥራ ስትወጣ፣ ክላይድ በምርኩዝ ተደግፎ ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ አየችው። ደስታዋን ንዴቷ ቀደመው።

«አንዲት ቃል እንኳ አትጽፍልኝም?»

«ዝም ስትዪኝ እምቢ ያልሽኝ መስሎኝ ነዋ። ሙዚቃው ጆሮዬን ደፍኖት ምንም አልሰማሁም።»

ከዚያ ነገራት። በአንዲት ደሴት፣ በሁለት ዘንባባ መካከል አንሶላ ወጥረው ለወታደሮቹ ፊልም ሲያሳዩ፣ ፊቷ አንሶላውን ሞላው። ዘፈኑ የሚያወራው ስለ ትምህርት ቤት ፈተና ነበር፤ ከንፈሮቿ ግን የእሱን ስም ጠርተው አገባሃለሁ ሲሉ አነበበ። ወታደሮቹ ልጅቷ ግጥሙ ጠፋባት ብለው ሲስቁ እሱ አለቀሰ። ያለውን ሲጋራ ሁሉ ለፊልም አሳዪው ሰጥቶ እንደገና አስደገመው። በማግስቱ እግሩና እጁ ቆሰለ፤ ደብዳቤ የሚጽፍበት እጁ እስከ ትናንት በፋሻ ታስሮ ነበር።

ሎርና ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች። ሠራተኞቹ እያዩዋቸው ያልፋሉ።

«አሁን ሙዚቃ የለም» አላት። «በይ ድገሚልኝ፤ በድምፅሽ ልስማው።»

ደገመችለት።