ሁለተኛው አፉታ

በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከጅጅጋ ወደ ደገሀቡር በሚወርደው ሜዳ ላይ ሁለት ዓይነት አቧራ ይታይ ነበር፤ አንደኛው ዝናብ ከከዳው ምድር ነፋስ የሚያነሣው ቀዩ አቧራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለአዲሱ መንገድ ድንጋይ የሚፈጨው ክሬሸር የሚተፋው ነጩ አቧራ ነበር። ቀዩ ከብቱን ፈጅቶ ባለከብቱን ሲያባርር፣ ነጩ የተባረረውን በቀን ሠራተኛነት ይቀበለው ነበር። ግመሎቹንና በጎቹን ሀርሺን ላይ ለድርቁ አስረክቦ የመጣው ዋበሪ ዐብዲኑርም ከእነዚሁ ተባራሪዎች አንዱ ነበረ፤ አርባን ያለፈ፣ ሰላምታው ረጅም፣ ወሬው አጭር የሆነ ሰው።

በአንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ በክሬሸሩ ቺንጋ፣ ድንጋዩን በሚያመላልሰው ቀበቶ፣ መካከል የተሰነቀረ ድንጋይ እንዲያወጣ ታዘዘ። ማሽኑ ቆሟል ተባለ፤ አልቆመም ነበር። ቀኝ እጁ ከአንጓው በላይ ሄደ። በማግሥቱ ማሽኑ ዐረፈ፤ ያረፈው ግን ስለ ዋበሪ ሳይሆን ጁምዓ ስለነበረ ነው።

በሦስተኛው ቀን ፎርማኑ ሀብተየስ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ሆስፒታል መጣ። ከመሐል አገር ተነሥቶ ስድስት ዓመት በሶማሌ ምድር መንገድ ሲሠራ የኖረ፣ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ሠራተኛውን በየስሙ የሚጠራ ሰው ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና የተጠቀለለውን ክንድ ሲያይ እንባው መጣ፤ እንባውም የእውነት ነበር።

«ወላል ዋበሪ፣ አፉ በለኝ» አለ፤ ወላል በሶማሊኛ ወንድሜም እህቴም ማለት ነው።

በዚያ አገር የታመመ የጠየቀ ሰው ከመነሣቱ በፊት አፉታን፣ ይቅርታን፣ ይለምናል፤ የተኛውም ሰው ከአልጋው ባይነሣ ቂም ይዞ እንዳይሄድ «አፉ ብያለሁ» ይላል። እንዲህ ብሎ ያልመለሰ ሰው ቢድን እንኳ ጎረቤት ሲያማው ይኖራል። ዋበሪም ሁለት ጊዜ ሳያስብ «አፉ ብያለሁ፤ ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው ነው» አለ።

ሀብተየስ ዓይኑን ጠረገና ከኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ። «ይቺ ለመሥሪያ ቤት ናት፤ መጥቼ እንደጠየቅሁህ ማስረጃ እንድትሆን» አለው። ዋበሪ የአማርኛ ፊደል አያነብም፤ የገበያውን አማርኛ ግን አሳምሮ ይናገራል። የሚፈርምበት ቀኝ አውራ ጣት ስለሌለው የግራውን ቀለም ነክሮ አተመ። ወረቀቱም «ለደረሰብኝ ጉዳት ድርጅቱን ይቅር ብያለሁ፤ ወደፊትም የካሳ ጥያቄ አላቀርብም» ይል ነበር።

ቁስሉ ደረቀ፤ ጣጣው ግን ገና መጀመሩ ነበር። ያ ዘመን ከድንበር ማዶ የሌባ እጅ ተቆረጠ የሚል ወሬ በየሻይ ቤቱ የሚናፈስበት ዘመን ነበርና፣ ዋበሪ ጅጅጋ ገበያ በገባ ቁጥር የማያውቁት ሰዎች መጀመሪያ ክንዱን፣ ቀጥሎ ፊቱን ያዩ ነበር። አንዲት የጨርቅ ነጋዴ እሱ ሲጠጋ የገንዘብ ሣጥኗን ወደ ጉልበቷ ሳበች። ዋበሪ ያን ቀን የሄደበትን ሳይገዛ ተመለሰ።

ባለቤቱ ኤብላ ይህን ስትሰማ ነደደች። «ለኔስ ግድ የለም፤ ማሽን ነው የበላው ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። አንተ ግን ለገበያው ሁሉ እየዞርክ ስትናገር ልትኖር ነው? ከመንግሥት ወረቀት አምጣ! እጁ የሄደው ሥራ ላይ ነው የሚል ወረቀት! እሱ ከሌለህ ነገ በቀረችው እጅህ መስጊድ በር ላይ ተቀምጠህ ብትለምን እንኳ ሰው ምጽዋቱን በጥርጣሬ ነው የሚሰጥህ።»

ዋበሪ ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄደ። ቢሮው የዋበሪን የራሱን የጣት አሻራ አሳይቶ፣ የወረቀቱንም ግልባጭ አስይዞ መለሰው። በኅዳር ወር ግን፣ ክስ የሚቀርብበት የአንድ ዓመት ጊዜ ሳያልፍበት፣ ሰው መክሮት ለተማርያም ዘንድ ሄደ። ለተማርያም ጅጅጋ ተወልዳ ያደገች፣ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግታ በሶማሊኛም በአማርኛም ማመልከቻ የምትጽፍ፣ የሕግ መጽሐፏ ጠርዝ በእጅ ብዛት የጠቆረ ሴት ነበረች።

«ማሽኑን ማን አስነሣው?» አለችው።

«አላውቅም። ቀደር ነው።»

«ቀደሩን ለአላህ ተወው፤ እኔ የምጽፈው ለዳኛ ነው። ደግሞ ስማኝ፣ ሕጉ ጥፋቱ የማን ነው ብሎ አይነሣም። ሥራ ላይ ነበር ወይ? ይላል። ሰክረህ ካልነበረ፣ ሆነ ብለህ ራስህን ካልጎዳህ፣ አትንካ የተባልከውን ካልነካህ፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው።»

«ታዲያ ሕጉም ቀደር ነው ይላል ማለት ነዋ» አለ ዋበሪ።

ለተማርያም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ወረቀቱን ስታነብ ግን ሳቋ ጠፋ። «ሠራተኛ መብቱን ቢተው እንኳ መተዉ አይጸናም ብዬ በማመልከቻው እከራከርልሃለሁ፤ ዳኛው ይቀበለው አይቀበለው ግን እንጃ። የሚሻለው እንዲህ ነው፤ አፉ አላልኩም በል። መድኃኒቱ አደንዝዞኝ ነበር፣ ያልኩትን አላውቅም በል። ማን ሰምቶሃል?»

«አላህ ሰምቶኛል።»

«እጅህን ወስደውብህ?»

«እጄን ወስደዋል ወላል። አፌን ለምን ልጨምርላቸው?»

«እንግዲያው ከነአፉህ እንሄዳለን» አለችና መጻፍ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ያለው የቀጠሮ ታሪክ ነው፤ እሱንም በዝርዝር መተረክ አንባቢን እንደ ባለጉዳይ ማንገላታት ነው። አንድ ጊዜ የድርጅቱ ነገረ ፈጅ ከመሐል አገር አልደረሰም፤ አንድ ጊዜ የችሎቱ ቋንቋ ሶማሊኛ ነውና ለነገረ ፈጁ አስተርጓሚ ጠፋ። አንድ ጊዜ ዳኛው ተዛወሩ፤ አዲሱ ዳኛ መዝገቡን ከመጀመሪያው ላንብበው አሉ። በዘጠና ዘጠኝ መንገዱ በታጣቂዎች ምክንያት አስፈሪ ሆነ፤ ወደ ደገሀቡር የሚሄድ መኪና ሁሉ በአጀብ መሄድ ጀመረ፤ ምስክርም በአጀብ አይመጣም። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሲገባ አገሩ በሙሉ ለሚሊኒየሙ ሲያጌጥ፣ የዋበሪ ቀጠሮም ከበዓሉ ጋር አብሮ አለፈ። ኤብላ «ከዘመዶችህ ሁሉ አዘውትረህ የምትጠይቀው ቀጠሮን ነው» እያለች ትቀልድበት ነበር፤ በመጨረሻ ግን መቀለዱንም ተወችው፤ ደክሟት ነበር። እሱም ደክሞት ነበር፤ በየቀጠሮው የሚሄደው ተስፋ ስላለው ሳይሆን መቅረት ሌላ ማብራሪያ ስለሚጠይቅ ነበር።

በሰኔ ወር ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ በአሥራ አንደኛው ቀጠሮ፣ ሁሉም ተሟልተው ተገኙ። ሀብተየስ ለድርጅቱ ምስክር ሆኖ ቆመ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ማለ፤ «አፉ ብሎኛል» አለ። ነገረ ፈጁ አሻራ ያለበትን ወረቀት ከፍ አድርጎ አሳየ።

ዳኛው ወደ ዋበሪ ዞሩ። «አፉ ብለሃል?»

ኤብላ ከኋላ ወንበር ሻሿን በጥርሷ ነክሳ ትጠብቅ ነበር። ለተማርያም ዓይኗን ከመሬት አልነቀለችም። «አላልኩም» የምትል አንዲት ቃል የሁለት ዓመት ከአራት ወር ድካም ልታሳርፍ እንደምትችል ዋበሪ ያውቅ ነበር፤ ቃሏም ምላሱ ጫፍ ድረስ መጥታ ነበር።

«ብያለሁ» አለ።

አስተርጓሚው ሲመልስለት ነገረ ፈጁ ፈገግ አለ። ዋበሪ ግን አልተቀመጠም ነበር።

«ክቡር ዳኛ፣ አፉ ያልኩት ለሀብተየስ ነው። መጥቶ ጠየቀኝ፤ አለቀሰ፤ አፉ በለኝ አለ፤ አልኩት። ዛሬም አልመልሰውም። ድርጅቱ ግን ሊጠይቀኝ አልመጣም። ድርጅት አልጋ ጫፍ ላይ አይቀመጥም፤ አያለቅስም። መጥቶ አፉ በለኝ ያላለኝን እንዴት አድርጌ አፉ ልበለው?»

ከኋላ ያሉት ሽማግሌዎች አጉረመረሙ፤ ማጉረምረማቸውም የመስማማት ነበር። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀምጠው ምስክሩን ጠሩት። «በዚያ ቀን አፉ በለኝ ያልኸው ስለ ራስህ ነው፣ ወይስ ድርጅቱን ወክለህ ነው?»

ሀብተየስ ነገረ ፈጁን አየ፤ ቀጥሎ የዋበሪን ባዶ እጅጌ አየ። የሚበላው እንጀራ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ቶሎ አይመልስም።

«ስለ ራሴ ነው» አለ በመጨረሻ። «ማሽኑ ቆሟል፣ ግባ ያልኩት እኔ ነበርኩ። ወረቀቷን ግን ቢሮው ነው የሰጠኝ።»

ፍርዱ በሐምሌ ተነበበ፤ አንድ ሰው ለሌላው የሚሰጠው አፉታ ሕግ ለሠራተኛ የሰጠውን መብት እንደማይሽር፤ የከሳሽም ቀኝ እጅ የተቆረጠው በሥራ ላይ ሳለ በደረሰ ጉዳት እንደሆነ፤ ተከሳሽ ድርጅትም ኃላፊ እንደሆነ። ድርጅቱ ይግባኝ አለ፤ ይግባኙም ሌላ አንድ ዓመት በልቶ ያንኑ ፍርድ አጸና። ኤብላ የፍርዱን ግልባጭ በፕላስቲክ አስለብጣ ሰጠችው። ዋበሪም ያቺ የጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ሄዶ ሊያሳያት አስቦ ነበር፤ ደጃፏ ሲደርስ ግን ታከተውና አልፏት ሄደ።

የመጀመሪያው ፍርድ በተነበበበት በዚያ በሐምሌ ቀን፣ ሀብተየስ በፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሞ ጠብቆት ነበር። ከሥራው ከተባረረ ሁለት ሳምንቱ ነበር።

«ወላል ዋበሪ፣ ስለ ወረቀቷ አፉ በለኝ።»

ዋበሪ ሊል ፈለገ፤ አልወጣለትም። ሰውዬው እውነቱን ተናግሮ እንጀራውን እንዳጣ ያውቃል፤ ያሳዝነዋልም፤ ቃሏ ግን እምቢ አለችው።

«ስለ እጄ ቶሎ ያልኩህ እጄ ስለሄደ ነው» አለ። «የሄደ ነገር አይጨቀጭቅም። ወረቀቷ ግን በየቀጠሮው ስትመጣብኝ ነው የኖረችው። በገዛ አፉታዬ ነው መልሳችሁ ያሰራችሁኝ። አሁን አፉ ብልህ ውሸት ነው፤ ቆየኝ።»

«እቆያለሁ» አለ ሀብተየስ። አጎንብሶ የግራ እጁን ጨበጠውና ወረደ።

ሀብተየስ በጅቡቲ መስመር ባለችው አይሻ ከተማ ሥራ አግኝቷል ተባለ። ሁለት ክረምት እንዳለፈ፣ አንድ ቀን ዋበሪ ዙህርን፣ የቀትሩን ሶላት፣ ሲሰግድ፣ አፉ የምትለዋ ቃል ማንም ሳይጠራት መጣች፤ በልቡ ውስጥ የተቋጠረው ነገር እንደተፈታ አወቀ። በዚያው ሳምንት በጭነት መኪና አይሻ ወረደ። እዚያ የነበሩት ሀብተየስ ከስምንት ወር በፊት መልቀቁን ነገሩት፤ ወዴት እንደሄደ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ኤብላ «እዚሁ ሆነህ በለው፤ አላህ ያደርስለታል» አለችው። እሱ ግን ችሎት ቆሞ የተናገረውን ራሱ ያውቃል፤ አፉታ መጥቶ ለጠየቀ ሰው ይሰጣል፤ ሀብተየስ ደግሞ መጥቶ ጠይቆ ቆየኝ ተብሎ ነበር።

የዚያ ዘመን ሰነዶች መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነና በስንት ዓመት እንዳለቀ ይናገራሉ። የፍርድ ቤቱም መዝገብ የአካል ጉዳቱን መጠን በመቶኛ አስቀምጦ ተዘግቷል፤ የከሳሽ ስም ላይ አንድ ፊደል ከመሳሳቱ በቀር የጎደለው የለም። ከአይሻ የሚመጡ መኪኖች ማቆሚያ ዘንድ እየሄደ፣ ሾፌሮቹን አንድ በአንድ «ሀብተየስ የሚባል ፎርማን ታውቃላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለ አንድ እጅ ሰው እንደነበረ የጻፈ የለም። ሾፌሮቹ ዕዳ የሚያስመልስ ይመስላቸው ነበርና፣ የሚያውቁትም ቢሆኑ አናውቅም ይሉት ነበር።