የዘገየው ወገን

ትርንጎ ጠዋት ጠዋት የቤተ ሙከራውን በር ከፍታ ከመግባቷ በፊት ቆም ብላ ታዳምጣለች። የማራገቢያው ጉምጉምታ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደው የሐምሌ ዝናብ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ደግሞ የጋሽ ውብሸት ሳል። ሦስቱ ከተሟሉ ቀኑ ደህና ነው ማለት ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ የሞቀ ሽቦ፣ ጨረር የሚያግድ የእርሳስ ብረት ጡብና የረጠበ ካፖርት ሽታ ተደባልቆበት ቀትሩም ምሽት ይመስላል። እሷ ግን ለምዳዋለች፤ ካፖርቷን ትሰቅልና ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች።

ጋሽ ውብሸት ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ሥራውን ከሀ ጀምረው ያስተማሯት ሰው ናቸው። አባቷን በልጅነቷ ያጣችው ትርንጎ አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊታቸው ስትቀመጥ አባት እንዳገኘች ትቆጥረው ነበር። ይህን ግን አንድም ቀን ነግራቸው አታውቅም፤ ታፍራለች።

ሥራቸው የብረትን ውስጥ መመርመር ነው። ከአንድ ብረት በተቆረጡ ሁለት ቁራጮች መካከል ከምስር ክክ የማትበልጥ ጨረር አመንጪ ጨው ያስቀምጣሉ። ከጨዉ ፖዚትሮን የሚባል ኢምንት ቅንጣት ይወጣና ብረቱ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ከተቃራኒው ከኤሌክትሮን ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይጠፋሉ። ብረቱ ድፍን ከሆነ ቅንጣቱ ቶሎ ይሞታል፤ ክፍተት ካገኘ ግን እዚያ ተሸሽጎ ጥቂት ይቆያል። ዕድሜው በረዘመ ቁጥር ክፍተቱ ሰፊ ነው። በትርንጎ በኩል ያለው መቀበያ የቅንጣቱን መወለድ፣ በጋሽ ውብሸት በኩል ያለው ደግሞ መሞቱን ይጠብቃል፤ ማሽኑም በሁለቱ መካከል ያለፈውን ጊዜ ይመዘግባል። «ከላይ ያብረቀርቃል፣ ውስጡን ለቄስ» ይላሉ ጋሽ ውብሸት፣ ከፋብሪካ የመጣ ብረት ባነሱ ቁጥር። ሁለቱም የየራሳቸውን መቀበያ ይንከባከባሉ፤ አንዱ የሌላውን ወንበርም ሆነ ገመድ አይነካም። ማንም ያወጣው ደንብ አይደለም፤ በመከባበር የመጣ ልማድ ነው።

መጀመሪያ የተለወጠው ኒኬሉ ነው። ማሽኑ ልክ መሆኑን የሚያረጋግጡበት፣ እንከን የሌለው ንጹሕ ብረት ነው፤ ለዓመታት አንድ የዕድሜ ቁጥር ብቻ ሲሰጥ ኖሯል። በዚያ ሳምንት ግን ቁጥሩ በየቀኑ በጥቂቱ፣ ግን ሳያቋርጥ ይረዝም ጀመር።

«ጋሼ፣ ኒኬሉ ዛሬም ረዝሟል» አለች።

ጋሽ ውብሸት ቀና አላሉም። አልሰሙኝም ብላ ወደ ሥራዋ ከተመለሰች በኋላ ነው «እህ» ያሉት።

ትርንጎ ገና ጀማሪ ሳለች የነገሯት ነገር ትዝ አላት። «ዕድሜው ያለ ምክንያት ከረዘመ፣ ወይ ብረቱ ውስጡ እየተቦረቦረ ነው፣ ወይ ከመቀበያዎቹ አንዱ ጊዜውን ስቶ ከሌላው እየራቀ ነው። የቱ እንደራቀ ግን ማሽኑ አይነግርሽም፤ እሱ የሚያውቀው ልዩነቱን ብቻ ነው። ገመዶቹን አቀያይረሽ እይ።» ገመዶቹን ለማቀያየር የእሳቸውን መንቀል ሊኖርባት ነው፤ ያንን ማድረግ ከበዳት። የእሷ ወገን ደህና እንደሆነ ደግሞ እርግጠኛ ነበረች። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ «መዘግየቱ ከጋሽ ውብሸት በኩል ሳይሆን አይቀርም» ብላ በእርሳስ ጻፈች።

ከዚያ ወዲህ እሳቸውን ማየት አበዛች። ጢማቸውን መላጨት ትተው ፊታቸው ሽበት ወርሶታል፤ ዓይናቸው ቀልቶ አብጧል፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ አንገታቸው ላይ ሰፍቷል። ስኒያቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ አየች፤ የስኒው ኳኳታ የደረሳት ግን እጃቸው ወደ ወረቀቱ ከተመለሰ በኋላ ነበር። ሲራመዱ ኮቴያቸው ከኋላቸው ይከተላቸዋል፤ ከበሩ አጠገብ ቆመው ሳለ መሀል ክፍሉ ላይ ገና ሁለት እርምጃ ይሰማል። ጠዋት አስነጥሷት ነበር፤ ከምሳ በኋላ፣ ዝናቡ በበረታበት ሰዓት፣ ጋሽ ውብሸት ከወረቀታቸው ሳይነሱ በዝግታ «ይማርሽ» አሏት። ሳቅ መጣባት፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ በረደ።

በማግሥቱ ነገሩ ባሰ። የሞቀው ሽቦ ሽታ የለም፤ የካፖርቱም ሽታ የለም። ማራገቢያው ሲዞር ይታያል፣ ድምፁ ግን ከሌላ ሕንፃ የሚመጣ ይመስላል። ሰኞ የነገረቻቸው ቀልድ ነበር፤ ሐሙስ ቀን ጋሽ ውብሸት ብቻቸውን ፈገግ አሉ፣ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሲያለቅሱ አይታቸው አታውቅም። ተነሥታ እጃቸውን ልትይዝ ፈለገች፤ ጠረጴዛውን ዞራ የምትደርስበት ርቀት ግን ድንገት ረጅም መስሎ ታያት፣ ተመልሳም ተቀመጠች።

ስክሪኑን አየች። ኒኬሉ የሰጠው ቁጥር ከማንኛውም ብረት አልፎ ሄዷል። ይህን ያህል ክፍተት የያዘ ነገር ብረት አይባልም፤ ቅንጣቱ በባዶ ቦታ ውስጥ የሚነካው ነገር አጥቶ እየተንከራተተ ነው ማለት ነው። ትርንጎ ፈራች። የፈራችው ለራሷ አልነበረም። ይህ ሰው ዓይኗ እያየ ከእጇ እየወጣ ነው፤ ዛሬ ካልተናገረች ነገ የሚሰማት ላይኖር ነው።

«ጋሼ» አለች። «አሞዎታል፤ አይደብቁኝ። ከእኔ እየራቁ ነው። እባክዎ ዛሬውኑ ሐኪም ይይዎት፤ ካስፈለገ እኔ እወስድዎታለሁ። አባቴን ስቀብር ልጅ ነበርኩ፣ አልገባኝም ነበር። እርስዎ ቢለዩኝ ግን አልችለውም።»

ጋሽ ውብሸት መጻፋቸውን ቀጠሉ። ትርንጎ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ዝናቡ አባራ፤ ወይም እሷ መስማት ተወች። ከሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ክፍሉ ውስጥ የቀረው ድምፅ የመቀበያዎቹ ስስ ቲክ ቲክታ ብቻ ሆነ፤ እሱም በየመሀሉ ይቋረጣል፣ በተቋረጠ ቁጥርም ጸጥታው ከበፊተኛው ይረዝማል። ኮሪደር ላይ ሰዎች አለፉ። አንዷ ሴት አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየች፤ ለጋሽ ውብሸት ራሷን ነቅንቃ፣ ከንፈሯን መጥጣ ሄደች።

ሥራ መውጫ ሲደርስ ጋሽ ውብሸት ጨዉን በእርሳሱ ሣጥን ቆለፉ፣ ማሽኑን አጠፉ፣ ካፖርታቸውን ለበሱ። በሩ ላይ ደርሰው መብራት ማጥፊያው ላይ እጃቸውን ሲያደርጉ ግን፣ ከሩቅ እንደተጠራ ሰው፣ ቀጥ አሉ። ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። የትርንጎ እያንዳንዱ ቃል አሁን ገና፣ አንድ በአንድ፣ እየደረሳቸው እንደሆነ ከፊታቸው ታየ። ዞር ብለው ወደ ወንበሯ ተመለከቱ፤ ዓይናቸው ግን እሷ ላይ ሳይሆን ከትከሻዋ ትንሽ ወጣ ብሎ ዐረፈ።

ትርንጎ ቀና አለች። ሰሙኝ አለች።

«እኔ ደህና ነኝ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ውብሸት፣ የሚያባብሉ በሚመስል ድምፅ። «ሐኪም ምን ያደርግልኛል። ድምፅሽ በደረሰኝ ቁጥር እመልስልሻለሁ፣ መልሱ ይድረስሽ አይድረስሽ ግን አላውቅም። በቃሽ አሁን፣ ዕረፊ ትርንጎዬ፤ አርባሽን ካወጣን እንኳ ዛሬ ሦስት ሳምንታችን ነው።»