የልጄ ወሊ

ዙበይር የሰደበኝ ባለፈው ረመዳን በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ መካ፣ እቤቱ ኢፍጣር ላይ ነው። የሚስቴ የዚነት የአክስት ልጅ ነው። ልጄ ሀሰና አዲስ አበባ በማኅበራዊ ደኅንነት የዶክትሬት ትምህርት መጀመሯን ለእንግዶቹ ስነግር፣ "አራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሾፌር ዶክተር ይወልዳል እንዴ? የምን ዶክተር ናት ደግሞ፣ መርፌ ትወጋለች?" አለ። ሁሉም ሳቁ። ያ የመጀመሪያው አይደለም። ጅዳ የገባሁ ሰሞንም ልብስህ ቤንዚን ይሸታል ብሎ ከምንጣፉ አስነሥቶኛል። እኔ አልረሳም።

እውነት ለመናገር ትምህርቱ መጀመሪያ ለእኔም አልገባኝም ነበር። ስጠይቃት፣ ሰው ሲታመም፣ ሲባረር፣ ሲያረጅ ማን ሊደግፈው እንደሚገባና ድጋፉ ለምን እንደማይደርሰው የሚያጠና ነው አለችኝ። የእሷ ጥናት በሰው ቤት ሲሠሩ ስለሚታመሙ እህቶቻችን ነው። እነሱን ለማነጋገር ከዒድ በኋላ በዚያራ፣ በጉብኝት ቪዛ መጥታ ጅዳ በኒ ማሊክ ሰፈር ካለችው ክፍላችን ዐረፈች።

በመጣች በሳምንቷ ዙበይር ከች አለ። ያ ሁሉ ስድብ ተረስቶ ልጁ ፉኣድ ሀሰናን ይፈልጋል። ወሊዋ፣ ማለትም የጋብቻው ውል ኒካሕ ሲታሰር ሰጥቻለሁ ብሎ ቃል የሚሰጠው፣ እኔ አባቷ ነኝና ያለ እኔ አይሆንለትም። አንድ ነገር ብቻ፣ ትምህርቱን ትተወው አለኝ። "የቤት ሠራተኛ፣ የኸዳማ ወሬ ለመልቀም ዶክተርነት ምን ያደርጋል? ሠላሳ ዓመቷ ነው እኮ ቃሲም። ፉኣድ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማ ያወጣላታል፣ ኸላስ።"

ዚነት ከእሱ ጋር ሆነች። ዕድሜዋ ካለፈ ዲግሪው ልጅ አይሆናትም፣ የተማረች ሴት ባል ትንቃለች እያለች ስትነዘንዘኝ ሰነበተች። ሀሰናን ስንጠይቃት አንገቷን አልደፋችም።

"አባዬ፣ ፉኣድን አልጠላውም። ትምህርትሽን ተዪ የሚለኝን ሰው ግን አላገባም።"

ዙበይር ይህን ሲሰማ፣ ጨዋ ልጅ ስትጠየቅ ዝም ነው የምትለው፣ ትምህርት አበላሽቷታል ብሎ ለሰው ሁሉ አወራ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሀሰና ለጥናቷ እንደምታነጋግራቸው ሴቶች እናቷንም አስቀምጣ ጠየቀቻት። እኔ እዚያው ጋደም ብዬ እሰማለሁ። ዚነት ሳንጋባ በፊት ጃሚዓ ሰፈር ከአንዲት ማዳም ቤት ትሠራ ነበር። ከደረጃ ወድቃ ወገቧ እንደተጎዳ፣ ማዳሟ ሐኪም ቤት ሳትወስዳት እንዳስተኛቻት፣ እግሯ አልታዘዝ ሲላት ያገሯ ሰዎች ጂን ነው ብለው እንደሸሿት ተናገረች። ዛሬም ጎንበስ ብላ መነሣት ያቅታታል። ለእኔ ከወሊድ ነው ትለኝ ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ማን ጠየቀኝ?" አለች።

ቆይታ ወደ ልጇ ዞረችና፣ "ሂጂ፣ ጨርሺው" አለቻት። እኔም ያኑ ዕለት ለዙበይር ደውዬ አይሆንም አልኩት።

ወንድሞቼ፣ ሴት ልጅ ያላችሁ ስሙኝ። የአንዲት እህታችንን አስከሬን ወደ አገር ለመላክ ስንሯሯጥ ማንም አይቀድመንም። በሕይወት እያለች ምን ሆንሽ የሚላት ግን የለንም። ይህን የምትጠይቅ አንዲት ልጅ ከመካከላችን ስትወጣ ደግሞ ቶሎ ድረን ዝም ልናሰኛት እንሽቀዳደማለን። ሰው ሳቀብኝ ብላችሁ ልጃችሁን ከትምህርቷ አታስቀሩ። እኔም ተስቆብኛል፣ ይኸው አልሞትኩም።

ባለፈው ጁምዓ ዙበይር ለምሳ ብሎ መካ ጠራኝ። ቅሬታው ወጥቶለት መስሎኝ ሄድኩ። ስገባ ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል። ፉኣድ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ተቀምጧል፤ ኒካሕ የሚያስሩት ሼህ ሙሂዲን ከጎኑ ናቸው። ሰው ፊት እምቢ አይለኝም ብሎ ነው። ሼሁ ምንም አልተነገራቸውም።

"ቃሲም፣ ያለ ወሊዋ ቃል አይታሰርም። ልጅህን ለፉኣድ ሰጥተሃል?" አሉኝ።

ዙበይር ቀደመኝ። "ይስጥ እንጂ! ለአራተኛ ክፍል ሰው ከዚህ የተሻለ ማን ሊመጣለት ነው?"

ሳቁ። አፌ ላይ ስንት ነገር መጣ። ብመልስለት ግን ክርክር ይሆናል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ሲጎተጉቱኝ አምሽተው እሺ ያሰኙኛል። ሼሁ ጥያቄያቸውን ደገሙልኝ። ተነሣሁ። በሩ ላይ ከተከመረው ጫማ መሐል የራሴን ፈልጌ አጠለቅሁና ወጣሁ።